«ባረቀበት» የምንለው ነገር

ነገሩ የተጀመረው በ2016 ዓ.ም የገና ሰሞን ነው። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ የአክስቴ ልጅ ደወለ። እሱ የሚኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው፤ እኔም ከእሱ የሃያ ደቂቃ መንገድ ላይ ነኝ። በዚያ ሰዓት የሚደውለው ወይ አገር ቤት ሰው ሲሞት፣ ወይ መኪናው መንገድ ላይ ሲቆምበት ነው።

«ተኝተሃል?»

«አልተኛሁም። ምን ሆንክ?»

«ምንም አልሆንኩም። አንተ ጋዜጠኛ አይደለህ? አንድ ነገር አጣራልኝ።»

«ምን ላጣራ?»

«ሽጉጥ ልገዛ ነው። የትኛው እንደሚሻል ንገረኝ።»

ዝም አልኩ። እሱም ዝም አለ። ለምን ዝም እንዳልን ሁለታችንም እናውቀዋለን፤ ግን አንዳችንም አላነሳነውም። ወደዚያ ኋላ እመለሳለሁ።

መጀመሪያ ምክንያቱን ልንገራችሁ፤ ምክንያት የሌለው ሰው አይደለምና። የሚኖረው በኡበርና በሊፍት እየሠራ ነው። ከዚያ ሌሊት ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ ዋሽንግተን ውስጥ የጫነው ሰው ከኋላ ወንበር ሆኖ አንገቱ ላይ ሽጉጥ ደግኖ ስልኩንና መኪናውን ወሰደበት። መኪናው በማግሥቱ መስታወቱ ተሰብሮ ተገኘ። እሱ ግን ገና አልተገኘም ነበር ማለት ይቻላል። እቤት ውስጥ በር ሲንኳኳ ይደነግጣል፤ ከኋላው ሰው ተቀምጦ ቡና መጠጣት እንኳ አቅቶታል። እ.ኤ.አ. በ2023 በዋሽንግተን ዲሲ ብቻ ከ900 በላይ የመኪና ነጠቃ ተመዝግቧል፤ ከቀደመው ዓመት እጥፍ ገደማ ነው። በዚያ ከተማ ሌሊት መሪ ከሚይዙት ስንቱ የእኛ ልጅ እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ስለዚህ «ሽጉጥ ምን ያደርግልሃል?» ብዬ ከምቹ ወንበሬ ላይ ሆኜ ልሰብከው አልደፈርኩም።

«እሺ፣ አጣራልሃለሁ» አልኩት።

ባንኮኒው ላይ

በሳምንቱ አብረን ወደ አንድ የመሣሪያ መሸጫ ሄድን። አጋጣሚ ሆኖ ሰሞኑን ጋስቶን ግሎክ በ94 ዓመታቸው አርፈው ዜናው ገና ትኩስ ነበር። የግሎክ ታሪክ ለጋዜጠኛ ይጣፍጣል። ሰውየው ኦስትሪያዊ መሐንዲስ ናቸው፤ የመጋረጃ ዘንግና ቢላዋ ያመርቱ ነበር እንጂ ሽጉጥ ሠርተው አያውቁም። እ.ኤ.አ. በ1982 የኦስትሪያ ጦር አዲስ ሽጉጥ ሲፈልግ ስመ ጥሮቹን ፋብሪካዎች አሸንፈው ግሎክ 17ን አስመረጡ። እጀታውን በፕላስቲክ መሥራታቸው ያኔ ብዙዎችን አስቆ ነበር። ዛሬ የአሜሪካ ፖሊስ በብዛት የሚታጠቀው ይህንኑ ነው።

ከባንኮኒው ጀርባ የነበረው ሽማግሌ የሽጉጡን ዋጋ ከመንገሩ በፊት ሁለት ጥያቄ ጠየቀን። «ለምን ትፈልገዋለህ?» እና «ቤት ውስጥ ልጅ አለ?» የአክስቴ ልጅ ሁለት ልጆች አሉት፤ አንዷ ሰባት ዓመቷ ነው፣ ትንሹ አራት። «አሉ» አለ፤ ድምፁ ትንሽ ወረደ።

ሦስት ሽጉጥ አወጣልን። ሦስቱም ከፊል አውቶማቲክ ናቸው። ይህ ማለት አንዴ ከተቀባበለ በኋላ ቃታ በተሳበ ቁጥር አንድ ጥይት ይተኩሳል፤ የተተኮሰውን ቀለህ ራሱ ይጥላል፣ ቀጣዩንም ጥይት ራሱ ያጎርሳል። ሦስቱም 9 ሚሊሜትር ጥይት ይጎርሳሉ። ስለ ጥይት ክርክር ሰምታችሁ ከሆነ፣ «ትልቁ ይሻላል» የሚለው ሐሳብ ከመቀዝቀዙ የተነሳ ኤፍቢአይ ራሱ በ2010ዎቹ አጋማሽ ከትልቁ .40 ወደ 9 ሚሊሜትር ተመልሷል። አነስ ያለው ጥይት እጅን ብዙ አይመታም፤ ተኳሹም ያለመበትን ይመታል።

አንደኛው ግሎክ 19 ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣ፣ 15 ጥይት የሚይዝ፣ ለመሸከምም ለቤትም መካከለኛ መጠን ያለው። የሚወደድበት ምክንያት ቀላል ነው፤ አይሰናከልም፣ መለዋወጫው በየቦታው ይገኛል፣ ያኔ ከ500 እስከ 600 ዶላር ይሸጥ ነበር። በአውራ ጣት የሚቆለፍ ሴፍቲ የለውም። ቃታው መሐል ትንሽ ምላስ አለች፤ ጣት እሷን ካልተጫናት ቃታው አይንቀሳቀስም። ሽጉጡ ቢወድቅ እንዳይተኩስ ከውስጥም ሌላ መከላከያ አለው። ነገር ግን ሻጩ አንድ ነገር አሳየን፤ ግሎክን ለማጽዳት ለመፍታት ሲፈለግ በመጀመሪያ ቃታውን መሳብ ግድ ነው። የአሠራሩ ደንብ ይህ ነው።

ይህን ሲናገር የአክስቴን ልጅ አየሁት። ሽጉጡን ባንኮኒው ላይ መልሶ አስቀመጠው።

ሁለተኛው ሲግ ሳወር ፒ365 ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ሲወጣ ገበያውን ያናወጠው በመዳፍ በሚያዝ መጠን 10 ጥይት ስለያዘ ነው። ክብደቱ ባዶውን ግማሽ ኪሎ ገደማ ነው። ሸሚዝ ሥር ለሚታጠቅ ሰው ይመቻል፤ ነገር ግን ትንሽ ሽጉጥ እጅ ላይ ይዘላል፣ ለጀማሪ ከባድ ነው። ለመፍታት ቃታ መሳብ አያስፈልገውም። ሴፍቲ ያለውም የሌለውም ዓይነት ይሸጣል።

ሦስተኛው የስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሺልድ ፕላስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ፣ ቀጭን፣ አንዱ ካዝና 10 ሌላው 13 ጥይት የሚይዝ። ከሦስቱ ዋጋው ዝቅ ያለው እሱ ነበር። የአውራ ጣት ሴፍቲ ያለውን መርጦ መግዛት ይቻላል። ይህንንም ቃታ ሳይስቡ መፍታት ይቻላል፤ ውስጡ ያለች ትንሽ ማንሻ ታች ከተደረገች በቂ ነው።

እኔ ደግሞ ያነበብኩትን ጨመርኩ። «የአሜሪካ ጦር የያዘውስ?» ስል ሻጩ ፈገግ አለ። ጦሩ ከ1985 ጀምሮ የጣሊያኑን ቤሬታ 92 ሲታጠቅ ቆይቶ በ2017 የሲግ ሳወርን ፒ320 መርጧል። በዚያው ዓመት ግን ለሲቪል ገበያ የተሸጠው ፒ320 በተወሰነ አቅጣጫ ሲወድቅ ሊተኩስ እንደሚችል ታወቀና ኩባንያው በነፃ አሻሽላለሁ አለ። ከዚያ በኋላም «ቃታውን ሳልነካው ተኮሰ» የሚሉ ሰዎች በየፍርድ ቤቱ ከሰዋል። ኩባንያው ቃታ ካልተሳበ አይተኩስም ብሎ ይከራከራል። በ2024 በጆርጂያና በፔንስልቬንያ ሁለት የጁሪ ችሎቶች ለከሳሾች ፈርደዋል። ይህን የማነሳው ለሐቁ ስል ነው። አንዳንድ ጊዜ ጥፋቱ የብረቱ ሊሆን ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ ግን አይደለም።

ከሱቁ ስንወጣ ምንም አልገዛም። መኪና ውስጥ ከገባን በኋላ እንዲህ አለኝ። «የአባዬ ማካሮቭ ነበር አይደል?»

በሃያ አራት ዓመት ውስጥ ስለዚያ ሽጉጥ ሲያነሳ ያን ቀን የመጀመሪያው ነው።

ደሴ፣ 1992

አሁን ወደ ተዘለለው ነገር ልመለስ። ሁለቱም፣ ልጁም አባቱም፣ እንድጽፈው ፈቅደውልኛል። ስማችንን ብቻ ተወው ብለውኛል።

በ1992 ዓ.ም የገና ዋዜማ እኔ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ እሱ አሥራ አምስት። ደሴ፣ ሆጤ አካባቢ የአክስቴ ቤት ሁለት ክፍል ነበረች፤ መሐሏ በስስ ጣውላ የተከፈለ። የአክስቴ ባል፣ ሁላችንም «ጋሼ» የምንላቸው፣ በአንድ መጋዘን የጥበቃ ኃላፊ ነበሩ። ለሥራቸው የተሰጣቸው ማካሮቭ ነበረ። ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። በ1951 የሶቪየት ጦር መደበኛ ሽጉጥ የሆነ፣ 8 ጥይት የሚይዝ፣ በደርግ ዘመን በየመኮንኑ ወገብ ላይ የነበረ ሽጉጥ ነው።

እኔና እሱን ሽንኩርት እንድንገዛ ላኩን። ስንመለስ ግቢው በር ላይ ሆነን እንደ ቆርቆሮ መውደቅ ያለ ድምፅ ሰማን። ከዚያ የአክስቴ ጩኸት።

ጋሼ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ሽጉጣቸውን ሊያጸዱ ነበር። ካዝናውን አወጡ። ባዶ ነው ብለው ቃታውን ሳቡ። ከጣውላው ማዶ የአክስቴ ትንሹ ልጅ ነበር። ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ሐኪም ቤት ሳይደርስ አረፈ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በቤተሰባችን አንድ ቃል ብቻ ነው የቀረው። «ባረቀበት።» ለቀስተኛው «ምን ሆኖ ነው?» ሲል «መሣሪያ ባርቆበት» ይባላል። ጎረቤት «ባረቀበት እንጂ ምን ያድርግ» ይላል። ፖሊስ መጥቶ ቃል ተቀበለ፤ ሽማግሌ መጣ፤ ቄስ መጡ። ሁሉም ያንኑ ቃል ይዞ መጣ፣ ያንኑ ቃል ይዞ ሄደ።

ክፉ ቃል አይደለም። አባትን ከልጁ ደም ለመለየት የተሰጠ የምሕረት ቃል ነው። ያለዚያ ቃል ጋሼ ያን ሳምንት አይሻገሩም ነበር ብዬ አምናለሁ። ግን ቃሉን ልብ ብላችሁ ስሙት። «ባረቀ» ስንል ያደረገው ብረቱ ነው። ሰውየው የተደረገበት ነው። የሳበ ጣት በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ የለም። ጣቱ ከሌለ ደግሞ ትምህርቱም የለም፤ መብረቅ የመታው ሰው ምን ይማራል?

ካዝና ወጣ ማለት ባዶ ሆነ ማለት አይደለም

ስለዚህ ነገሩን በሙያዬ መንገድ ልይዘው ወሰንኩ። የሽጉጥ ማስተማሪያ ቦታ ሄጄ አንድ ቀን ሙሉ ተማርኩ። አስተማሪዋ ጡረታ የወጣች ፖሊስ ነበረች። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት ውስጥ አንድም ጥይት አልተኮስንም። ያስተማረችን ባዶ ማድረግን ነው።

ከፊል አውቶማቲክ ሽጉጥ ጥይት የሚይዝበት ሁለት ቦታ አለው። አንደኛው እጀታው ውስጥ የሚገባው ካዝና ነው። ሁለተኛው ከበርሜሉ በስተኋላ ያለው፣ ሊተኮስ የተዘጋጀው አንዱ ጥይት የሚቀመጥበት ጎሬ ነው። ሽጉጡ አንዴ ከተቀባበለ በኋላ ካዝናውን ብታወጡት ያ አንዱ ጥይት እዚያው ተቀምጧል። ማካሮቭ በዚያ ሁኔታ ቃታው ከተሳበ ይተኩሳል። ግሎክም ይተኩሳል። ያየናቸው ሌሎቹም እንዲሁ።

ይህን የሚከላከል ብልሃት ከጥንት አለ። በ1935 የወጣው የቤልጂጉ ብራውኒንግ ሃይ ፓወር ካዝናው ከወጣ ቃታው እንዳይሠራ ተደርጎ ነው የተሠራው፤ ፈረንሳዮች ጠይቀው ነው። ዛሬ አብዛኛው አምራች ይህን አያደርግም። ካዝና በሚቀየርበት ቅጽበት ወታደሩ ወይም ፖሊሱ መሣሪያ አልባ እንዳይሆን ነው ክርክሩ። ለወታደር ያስኬዳል። አልጋ ላይ ተቀምጦ ለሚያጸዳ አባት ግን ሌላ ነገር ነው።

ቅደም ተከተሉም ወሳኝ ነው። መጀመሪያ ካዝናውን አውጡ። ቀጥሎ የላይኛውን ብረት እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ሳቡና እዚያው አቁሙት። ከዚያ በዓይን እዩ፤ ጨለማ ከሆነ በጣት ዳስሱ። ይህን ገልብጦ የሠራ ሰው፣ መጀመሪያ ብረቱን ስቦ በኋላ ካዝናውን ያወጣ፣ አንዱን ጥይት ጥሎ ሌላውን ራሱ አጎርሷል። ጥይት ሲወድቅ በዓይኑ ስላየ ደግሞ ባዶ መሆኑን ሙሉ በሙሉ ያምናል። አስተማሪዋ «ባዶ ነው ብሎ የሚያምን ሰው ከማንም ይልቅ ያስፈራኛል» ስትል የደሴው ቤት ትዝ አለኝ።

በእያንዳንዱ ሽጉጥ ላይ ይህን ሠላሳ ጊዜ ያህል አሠራችን። ሠላሳኛው ላይ እጄ ራሱ ያደርገው ጀመር። ሽጉጥ ለመምረጥ የሚያስፈልገውን ያወቅሁት ያኔ ነው። ስንት ጥይት ይይዛል፣ ማን ይታጠቀዋል፣ ምን ያህል ይቆነጥራል የሚለው ሁሉ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። የመጀመሪያው ግን «የደከመኝ ቀን፣ ልጅ ከጎረቤት ክፍል ያለበት ቀን፣ ይህ ዕቃ ስህተቴን ምን ያደርገዋል?» የሚለው ነው። ግሎክ 19 ስህተትን አይታገሥም፤ ከመፍታት በፊት ቃታ መሳብ ያስፈልገዋል፣ የሚቆለፍ ሴፍቲም የለውም። ይህ ለሠለጠነ ፖሊስ ጉድለት አይደለም። በዓመት አንዴ ከመሳቢያ ለሚያወጣው ሰው ግን ነው። ሺልድ ፕላስ ከነሴፍቲው፣ ፒ365ም ከነሴፍቲው፣ አንድ ተጨማሪ ዕድል ይሰጣሉ። አንድ ብቻ። ሴፍቲ የሰውን እርግጠኝነት አይቆልፍም።

ድልድዩ

ቀጥሎ ሕጉን አየሁ፤ የአክስቴን ልጅ ይበልጥ ያስደነገጠውም እሱ ነው። በዲያስፖራ ላላችሁ ይህን ክፍል ሳትዘሉ አንብቡ።

አንደኛ፣ ኡበርም ሊፍትም አሽከርካሪ በሥራ ላይ መሣሪያ እንዳይይዝ ይከለክላሉ። ተይዞ ከተገኘ ሥራው ሊያበቃ ይችላል።

ሁለተኛ፣ ቨርጂኒያ ለነዋሪዋ ሸሽጎ የመያዝ ፈቃድ በፍርድ ቤት በኩል ትሰጣለች። ያ ፈቃድ ግን ሜሪላንድም ዲሲም ውስጥ አይሠራም። የእኛ ሹፌር ደግሞ በአንድ ሌሊት ሦስቱንም አምስት ጊዜ ይዞራል። ድልድዩን ተሻግሮ ዲሲ በገባበት ደቂቃ፣ ቨርጂኒያ ሕጋዊ የነበረው ሰው ያለ ፈቃድ ሽጉጥ የያዘ ወንጀለኛ ነው፤ ቅጣቱ እስከ አምስት ዓመት እስራት ይደርሳል። በፌዴራል ሕግ ተሸፍኖ ለማለፍ ጥይቱ ወጥቶ ሽጉጡ ተቆልፎ እጅ በማይደርስበት ቦታ መሆን አለበት። እንዲያ ከሆነ ደግሞ ከኋላ ወንበር ለተደገነ ሽጉጥ ምንም አይፈይድም።

ሦስተኛ፣ ዜግነት ያልወሰደ ሰው ከዚህ የከፋ ይጠብቀዋል። ግሪን ካርድ ያለው መግዛት ይችላል። ነገር ግን በመሣሪያ ወንጀል መቀጣት ከአገር ለመባረር ምክንያት ነው። «ወረቀት የለውም፣ በስሜ ልግዛለት» የሚል ወዳጅ ካለ ይወቅ፤ ሲገዛ የሚሞላው ቅጽ 4473 ገዢው ለራሱ መሆኑን ይጠይቃል። ዋሽቶ መፈረም የፌዴራል ወንጀል ነው።

አራተኛ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ጥይት የጎረሰ ሽጉጥ ከ14 ዓመት በታች ያለ ልጅን ለአደጋ በሚያጋልጥ ሁኔታ በግዴለሽነት ትቶ መገኘት በራሱ ወንጀል ነው። ልጁ ባይነካውም።

ይህን ሁሉ በስልክ ስነግረው ብዙ ሳይናገር ሰማኝ። መጨረሻ ላይ «እንግዲህ ለመኪናው አይሆንም ማለት ነው» አለ።

«አይሆንም።»

«ለቤትስ?»

«ለቤት ያለውን ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቃለህ» ልለው አልኩና ተውኩት። በምትኩ «ጋሼን ላናግራቸው?» አልኩ።

ቆየ። «አናግራቸው» አለ።

ሰባት ጥይት

ጋሼ አሁን ከሰባ ዓመት በላይ ናቸው። ደሴ ናቸው። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ሦስት ጊዜ ሞክሬ አገኘኋቸው። ከጤና ይስጥልኝ በኋላ ነገሩን አዙሬ አዙሬ ለመጠየቅ ሞከርኩ። «ልጅዎ ሽጉጥ ሊገዛ አስቦ ነበርና፣ ጋሼ፣ እርስዎ ስለዚያ ቀን…»

«ጠይቀኝ፣ ልጄ» አሉ። «ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።»

ከዚያ ነገሩኝ። ያን ዕለት ጠዋት ሥራ ቦታ አንድ ነገር ጠርጥረው ሽጉጡን አቀባብለውት ነበር። ማታ ሲመለሱ ረስተውታል። ካዝናውን ሲያወጡ ልማዳቸው ስለነበር ጥይቶቹን ቆጠሩ።

«ሰባት ነበሩ» አሉኝ። «ሁልጊዜ ስምንት ነበር የምሞላው። ሰባት ብዬ ቆጠርኩ፤ ስምንተኛው የት ሄደ አላልኩም። ከዚያ ሳብኩት። አልባረቀም፣ ልጄ። እኔ ነኝ የሳብኩት። ሰው ሁሉ 'ባርቆበት' እያለ አጽናናኝ፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው። እኔ ግን ሃያ አራት ዓመት የምቆጥረው ያንን ሰባት ነው።»

ምን ልበላቸው? ዝም አልኩ። ቀጠሉ።

«ለልጄ አትግዛ አትበለው። ወንድ ነው፣ ቤት አለው፣ ፈርቷል። ግን ቢገዛ መቁጠር ብቻ አይበቃም በለው። ከፍቶ ይይ።»

እናም

የአክስቴ ልጅ እስከ ዛሬ አልገዛም። አልገዛም ብሎም አልማለም። የሌሊት ሥራ ትቶ ጠዋት ጠዋት ኤርፖርት መሥራት ጀመረ፤ ገቢው ቀንሷል፣ እንቅልፉ ተመልሷል። መኪናው ውስጥ ከፊትም ከኋላም የሚቀርጽ ካሜራ ሰቀለ። በር ሲንኳኳ አሁንም ትንሽ ይደነግጣል። የአባቱን መልእክት ስነግረው አለቀሰ፤ ከዚያ ደወለላቸው። ምን እንደተባባሉ አልጠየቅሁም።

«የትኛው ይሻላል?» ላለው ግን መልስ ሰጥቼዋለሁ፤ የጠየቀ ሰው መልስ ይገባዋልና። ለመኪና ምንም አትግዛ። ለቤት ከገዛህ መካከለኛ መጠን ያለው፣ 9 ሚሊሜትር፣ ሴፍቲ ያለው፣ ቃታ ሳይሳብ የሚፈታ ይሁን። ከሽጉጡ በፊት የብረት ሣጥን ግዛ፤ ቁልፉ በአንተ ጣት ወይም በአንተ ቁጥር ብቻ የሚከፈት። ጥይት ከመግዛትህ በፊት ሥልጠና ግዛ። ባለቤትህ «አይሆንም» ካለች አይሆንም። ቤትህ ውስጥ ልቡ የተሰበረ፣ ከሰው የራቀ ሰው ካለም አይሆንም። በአሜሪካ በመሣሪያ ከሚሞተው ሰው ከግማሽ በላይ የሚሆነው የሚሞተው በሌባ ሳይሆን በራሱ እጅ ነው።

አገር ቤት ላላችሁ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። እናንተ ባንኮኒ ላይ ሦስት ሽጉጥ አሰልፎ የሚያስመርጣችሁ የለም። ባለፉት ዓመታት ጦርነቱና ስጋቱ በየቤቱ ያስገባው መሣሪያ ብዙ ነው። አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ፈቃድ ያስገድዳል፤ ገበያው ግን አዋጅ አያነብም። በየኬላው ተያዘ ከሚባለው ቱርክ ሠራሽ ሽጉጥ መካከል ሲጀመር ድምፅ ብቻ እንዲያሰማ ተሠርቶ ኋላ እውነተኛ ጥይት እንዲተኩስ የተለወጠ አለ። እንዲህ ያለው እውነትም በገዛ ባለቤቱ እጅ ሊፈነዳ ይችላል። ያም ሆነ ይህ፣ ከአያት የተወረሰ ማካሮቭም ሆነ ትናንት የተገዛ፣ ፍራሽ ሥር ካለ ቢያንስ ዛሬ ማታ ከፍታችሁ እዩት። ካዝናውን አውጥታችሁ ብቻ አትመኑ። ልጆቹን ወደ ውጭ ላኩ፣ አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት ወገን አዙሩ፣ ብረቱን ሳቡ፣ እዩ፣ ዳስሱ።

በሚቀጥለው ለቅሶ ቤት «ባረቀበት» ስትሉ ደግሞ፣ ሐዘንተኛው ፊት በሉት፤ የምሕረት ቃል ነው አልኳችሁ። ቤታችሁ ስትገቡ ግን ለልጆቻችሁ ሌላውን ቃል ንገሯቸው። ሰው ሳበው በሏቸው። ጋሼ ሃያ አራት ዓመት ዘግይተው የነገሩኝ ይህንን ነው።